ኒዮክላሲካል ስታይልን ዓለም ላይ ያዳረሱት የስዕል መጻሕፍት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ትልልቆቹ ባለ አምድ ህንጻዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመላለሱ ጥያቄዎች አሉ፣ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኒዮክላሲካል የሚባለው የትኛው ዓይነት ህንጻ ነው?

ፊት ለፊቱ አምድ የተደረደረበት፣ ከአምዶቹ በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር ያለው፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወይ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ህንጻ ካያችሁ እሱ ነው። የጥንት ግሪክና ሮም ቤተ መቅደሶችን አርአያ አድርጎ በተለይ ከ1750ዎቹ ወዲህ አውሮፓ ውስጥ የተስፋፋ ስታይል ነው። ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ ሰዎች ማስረዳትም አያስፈልጋችሁ፣ ካፒቶሉን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን፣ የሊንከን መታሰቢያን በየጊዜው እያያችሁ ነው የምታልፉት።

ታዲያ መጽሐፍ ምን አገባው? አርክቴክቶቹ ሄደው አያዩም ነበር እንዴ?

አብዛኞቹ አላዩም! ይኼን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። በ1700ዎቹ ከለንደን ሮም መሄድ የሀብታም ልጆች ነገር ነበር፣ ወራት ይፈጃል፣ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አቴንስ ደግሞ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ስለነበረች የጥንቶቹ ቤተ መቅደሶች ያሉበት ኮረብታ አክሮፖሊሱ ራሱ የወታደር ምሽግ ነው፣ ገብቶ ሜትር ዘርግቶ መለካት ፈቃድ ይፈልጋል፣ መንገዱም አያስተማምንም። ፊላደልፊያ ወይ ቦስተን ያለ አናጢማ አትላንቲክን ተሻግሮ የግሪክ አምድ ሊያይ የሚችልበት ምንም መንገድ የለውም። ስለዚህ ያለው ምርጫ አንድ ነው፣ ሌላ ሰው ሄዶ ለክቶ ስሎ ያሳተመውን መጽሐፍ ገዝቶ ወይም ተውሶ ከስዕሉ ላይ መስራት። ዛሬ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በሩሲያ፣ በህንድ የምናያቸው ብዙዎቹ ህንጻዎች የተሰሩት ዋናውን በዓይናቸው ባላዩ ሰዎች ነው፣ እኔ በበኩሌ ይኼ ነገር በጣም ነው የሚገርመኝ።

መጀመሪያ የተነሳው የትኛው መጽሐፍ ነው?

ሥሩ ቪትሩቪየስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሮማዊ፣ ስለ አርክቴክቸር አሥር መጽሐፍ ጽፏል። ግን ስዕሎቹ ጠፍተው ጽሁፉ ብቻ ነው የተረፈው፣ ጽሁፉም ከባድ ነው፣ ስለዚህ በ1500ዎቹ ጣሊያኖች የራሳቸውን ስዕል እየጨመሩ ያሳትሙት ጀመር፣ ለምሳሌ በ1511 ቬኒስ ላይ የወጣው እትም ባለ ስዕል ነው። ከዚያ የራሳቸውን መጽሐፍ ያወጡ ጣሊያናዊ አርክቴክቶች፣ ሰርሊዮ መጣ፣ ቪኞላ መጣ።

ዋናው ግን አንድሪያ ፓላዲዮ ነው። ፓዱዋ የተወለደ፣ በልጅነቱ ድንጋይ ጠራቢ ጋ የተቀጠረ ሰው ነው፣ በ1570 ቬኒስ ላይ አራት ክፍል ያለው የአርክቴክቸር መጽሐፍ አሳተመ። አንደኛው ክፍል ስለ ግንባታ ዕቃና ስለ አምዶች ነው፣ ሁለተኛው መኖሪያ ቤቶች፣ ሦስተኛው መንገድ፣ ድልድይና አደባባይ፣ አራተኛው የጥንት ቤተ መቅደሶች። ሰውየውን ለየት የሚያደርገው አቀራረቡ ነው፦ ገጹን ስትገልጡት ከታች ፕላኑ አለ፣ ከላይ የህንጻው ፊት ቆሞ ይታያል፣ በየክፍሉ ውስጥ ስፋቱና ቁመቱ በቁጥር ተጽፏል፣ ጽሁፉ ደግሞ አጭር ነው። ጣሊያንኛ የማይችል ሰው እንኳን ስዕሉንና ቁጥሩን አይቶ ብዙ ነገር ይረዳል። ሌላው ብልጠቱ ደግሞ ከጥንት ሮም ቤተ መቅደሶች ጎን ራሱ የሰራቸውን ቪላዎች አስገባ፣ ስለዚህ አንባቢው የጥንቱን አምድ አሁን ለሚኖርበት ቤት እንዴት እንደሚያውለው ጭምር ነው የሚያየው።

ፓላዲያንና ኒዮክላሲካል አንድ ነው ወይስ ይለያያል?

ዘመዳሞች ናቸው ግን ይለያያሉ። ፓላዲያን የሚባለው ከ1715 አካባቢ ጀምሮ በእንግሊዝ የተነሳው ነው፣ ያን ዓመት ኮለን ካምቤል የእንግሊዝን ቤቶች በትልልቅ ስዕል የያዘውን መጽሐፉን ማውጣት ጀመረ፣ በዚያው ሰሞን ሌኦኒ የሚባል ጣሊያናዊ አርክቴክት የፓላዲዮን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ማሳተም ጀመረ። የሌኦኒ ስዕል ግን እንዳለ የተገለበጠ አይደለም፣ እንደገና ስሎ የራሱንም ጨማምሮበታል፣ በ1738 አይዛክ ዌር ለዋናው የቀረበ ትርጉም እስኪያወጣ ድረስ ብዙ እንግሊዛዊ ፓላዲዮን ያወቀው በሌኦኒ ዓይን ነው። ሎርድ በርሊንግተን የሚባለው መኳንንትም የፓላዲዮን መጽሐፍ ይዞ በ1719 የፓላዲዮ ህንጻዎች እስካሉባት የጣሊያን ከተማ ቪቼንዛ ድረስ ሄዶ ህንጻዎቹ ፊት ቆሞ ማስታወሻውን እዚያው መጽሐፉ ላይ ጽፏል፣ ከዚያ ለንደን አጠገብ ቺዝዊክ ላይ ፓላዲዮ የሰራት የቪላ ሮቶንዳ ዘመድ የሆነ ቤት ሰራ።

ኒዮክላሲካሉ ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀጥላል፣ «ፓላዲዮ እንዲህ ብሏል» ከማለት ይልቅ ፍርስራሹ ድረስ ሄዶ ራስን ችሎ መለካት። ይኼ የመጣው በእሳተ ገሞራ የተቀበሩት የሮም ከተሞች፣ በ1738 ሄርኩላኒየም በ1748 ደግሞ ፖምፔ፣ መቆፈር ከጀመሩ በኋላ ነው፣ ሁሉም የጥንቱን ነገር በቀጥታ ማየት ፈለገ።

አናጢ ወይም ግንበኛ ስዕል አይቶ ብቻ እንዴት ያንን ሁሉ አምድ ይሰራል?

ሚስጥሩ ልኩ ነው። መጻሕፍቱ «አምዱ ይኼን ያህል ሜትር ይሁን» አይሉም፣ የአምዱን ውፍረት መለኪያ አድርገው ሌላውን ሁሉ ከእሱ አንጻር ነው የሚናገሩት። ለምሳሌ በቪኞላ አካሄድ ቱስካን የሚባለው አምድ ቁመቱ የውፍረቱ 7 እጥፍ ነው፣ ዶሪክ 8፣ አዮኒክ 9፣ ኮሪንቲያን 10። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ደጅም ይሁን የጓዳ በር ያው ሕግ ይሰራል፣ መጠኑን ብቻ ነው የምትቀይሩት።

ይኼን ለሠራተኛ ሰው ያቀለለው ደግሞ የለንደኑ አርክቴክት ጄምስ ጊብስ ነው፣ በ1732 ባወጣው መጽሐፍ ክፍልፋይ የሚባለውን ነገር አስቀረ፣ በእኩል መክፈል ብቻ። እስቲ በቱስካን እንሞክረው፣ ጠቅላላ ቁመቱ 5 ሜትር ነው እንበል። ለ5 ክፈሉት፣ አንዱ እጅ ማለትም 1 ሜትሩ ከታች ያለው መቆሚያ ነው። የቀረውን 4 ሜትር እንደገና ለ5 ክፈሉት፣ አንዱ እጅ 80 ሳንቲም ሆነ፣ እሱ ከአምዱ በላይ የሚጋደመው ክፍል ነው። የተረፈው 3 ሜትር ከ20 አምዱ ነው፣ እሱን ለ7 ስትከፍሉት 46 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል፣ አለቀ፣ የአምዱ ውፍረት ማለት ነው! ኮምፓስና ገመድ ያለው ሰው ሂሳብ ሳይማር ይሰራዋል። ለእኔ ስታይሉ የተዛመተው በዚህ ዘዴ ነው፣ ስዕሉ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሰው አድንቆ ገጹን ይገለብጥ ነበር እንጂ አይሰራውም።

ጊብስ ከዚያ በፊት በ1728 ያወጣው ትልቁ መጽሐፉም አለ፣ መግቢያው ላይ መጽሐፉ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩና ዲዛይን የሚሰራላቸው ሰው ለማያገኙ ሰዎች እንዲጠቅም ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል። ይኼ መጽሐፍ ውስጥ የለንደኑን የሴንት ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የተሰራውን ብቻ ሳይሆን ያልተመረጡትን ዲዛይኖች ጭምር አሳትሟል። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ለንደን ላይ ያልተሰራ አንድ የማማ ዲዛይን በ1775 ፕሮቪደንስ ሮድ አይላንድ በመጀመሪያው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ላይ ቆመ፣ ያልተሰራው ክብ ፕላን ደግሞ በ1821 ባለቀው የህንድ ማድራስ ሴንት አንድሩስ ቤተ ክርስቲያን ሕይወት አገኘ። የትውልድ አገሩ ያልሰራውን ባህር ማዶ ያለ ሰው ከገጽ ላይ አንስቶ ሰራው።

ስቱዋርትና ሬቬት የሚባሉት እነማን ናቸው? ለምን ሁሉም ስማቸውን ያነሳል?

ጄምስ ስቱዋርት የድሃ ልጅ ነው፣ ወጣት እያለ የሴቶች ማራገቢያ ላይ ስዕል እየሳለ ነበር የሚኖረው፣ ኒኮላስ ሬቬትም ሰዓሊ ነው። ሮም ላይ ተገናኝተው በ1748 «አቴንስ ሄደን ህንጻዎቹን በሙሉ በትክክል ለክተን እናሳትማለን» ብለው አስታወቁ፣ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ፈለጉ፣ ዲለታንቲ የሚባለው የለንደን የሀብታሞች ማህበርም ደገፋቸው። በ1751 አቴንስ ገቡ፣ ሁለት ዓመት አካባቢ ቆዩ፣ ሬቬት ይለካል፣ ስቱዋርት አካባቢውን ከነሰዉ በቀለም ይስላል። ልኬታቸው ከኢንች በታች ወርዶ በአስርዮሽ ነው የተጻፈው፣ በዚያ ዘመን እንደዚህ አድርጎ የግሪክን ህንጻ የለካ አልነበረም።

አንደኛው ጥራዝ የወጣው ግን በ1762 ነው፣ ዘገዩ፣ ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ለሯ የሚባል ፈረንሳዊ ቀደማቸውና በ1758 የራሱን አወጣ። የለሯ ስዕል ያምራል፣ ልኬቱ ግን ጥድፊያ አለበት፣ ስቱዋርት ስህተቶቹን በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አንድ በአንድ እየጠቀሰ ተችቶታል። ሌላው ደግሞ ገዢው የአክሮፖሊሱን ትልቅ ቤተ መቅደስ ፓርተኖንን ለማየት ጓጉቶ ሲጠብቅ አንደኛው ጥራዝ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ህንጻዎች ብቻ ናቸው፣ የነፋሳት ማማ፣ የሊሲክራቴስ መታሰቢያ የመሳሰሉት። የአክሮፖሊሱ ጥራዝ ለገበያ የወጣው ስቱዋርት በ1788 ካረፈ በኋላ ነው።

ሰው ሲያየው የደነገጠው ዶሪኩን ነው። አውሮፓ የለመደው የሮሙን ቀጠን ያለ አምድ ከነእግሩ ነበር፣ የግሪኩ ግን ወፍራም ነው፣ አጭር ነው፣ ያለ ምንም መቀመጫ ቀጥታ ደረጃው ላይ ነው የቆመው። አንዳንዱ አስቀያሚ ነው አለ፣ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ባንኩም ፍርድ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በእሱ ተሰራ። በርሊን ያለው የብራንደንቡርግ በር ከ1788 እስከ 1791 የተሰራው የአቴንስን አክሮፖሊስ መግቢያ በማስመሰል ነው፣ አርክቴክቱ ላንግሃንስ ግሪክን ረግጦ አያውቅም፣ ታትሞ ከወጣ ስዕል ነው ያወቀው። ፊላደልፊያ ደግሞ ዊልያም ስትሪክላንድ ከ1819 ጀምሮ የሰራውን ሁለተኛ ባንክ ሂዱና እዩት፣ ስምንት ዶሪክ አምድ ያለው የፓርተኖን ፊት ነው፣ የትንሿ የሊሲክራቴስ መታሰቢያ ቅጂም እዚያው ፊላደልፊያ የነጋዴዎች ልውውጥ ህንጻ አናት ላይ በእሱው እጅ ተቀምጣለች።

ህንጻው ፈርሶ ስዕሉ ብቻ የቀረበት አለ?

አለ፣ ይኼ ነው ልቤን የሚነካኝ። አቴንስ ውስጥ ኢሊሶስ ወንዝ ዳር የነበረች ትንሽ ቆንጆ አዮኒክ ቤተ መቅደስ ነበረች፣ ስቱዋርትና ሬቬት ለኩዋት፣ ከዚያ በ1778 ለከተማ ቅጥር ድንጋይ ተፈልጎ ፈረሰች። ዛሬ ስለሷ መልክ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከነሱ ገጾች ነው፣ ያም ሆኖ ቅጂዎቿ በእንግሊዝም በአሜሪካም ቆመዋል።

ፓልሚራም እንደዚሁ ነች። ሮበርት ዉድ በ1753 ሶሪያ በረሃ ውስጥ ያለውን የፓልሚራ ፍርስራሽ በትልልቅ ስዕል አሳተመ፣ አርክቴክቱ ሮበርት አዳም እዚያ ያለውን የበል ቤተ መቅደስ የጣሪያ ጌጥ ከዚያ ወስዶ ለንደን አጠገብ ኦስተርሊ በሚባለው ቤት ሳሎን ጣሪያ ላይ አዋለው፣ ሶሪያ ሳይሄድ። በ2015 ቤተ መቅደሱን አይሲስ በፈንጂ አፈረሰው።

እኛም አገር ይኼ የመለካትና የማሳተም ባህል ደርሷል፣ ስታይሉ ሌላ ቢሆንም ዘዴው ያው ነው። በ1906 አክሱም የመጣው የጀርመን ቡድን ሐውልቶቹን፣ የቤተ መንግሥት መሠረቶችን፣ ደብረ ዳሞን ሳይቀር ለክቶ ስሎ በ1913 በርሊን ላይ በአራት ጥራዝ አሳትሟል። ታእካ ማርያም የሚባለው ትልቁ የአክሱም ቤተ መንግሥት መሠረት በኋላ በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሲወጣበት ሲበላሽ የቀረን ፕላን የነሱ ነው።

ጄፈርሰን ከዚህ ጋር ምን ግንኙነት አለው?

ከነመጻሕፍቱ ነዋ። ቶማስ ጄፈርሰን አርክቴክቸርን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፣ መምህሩ መጽሐፍ ነው፣ የፓላዲዮን ብቻ በተለያየ እትም ደጋግሞ ገዝቷል። በ1815 ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሸጠው 6,487 መጽሐፍ ውስጥ የአርክቴክቸሮቹም ነበሩ።

የቨርጂኒያን ካፒቶል ታሪክ ስሙኝ። ሪችመንድ አዲስ ምክር ቤት ልትሰራ ስትል ጄፈርሰን ፓሪስ አምባሳደር ነው፣ ዲዛይን ላክልን አሉት። እሱም ደቡብ ፈረንሳይ ኒም ከተማ ያለውን ሜዞን ካሬ የሚባል የሮም ቤተ መቅደስ መረጠ፣ ህንጻውን ግን አላየውም! ያየው ክሌሪሶ የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት በ1778 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ክሌሪሶን ራሱን አማከረ፣ ኮሪንቲያን የነበረውን አምድ ለመቅረጽ ቀላል ወደሆነው አዮኒክ ለወጠው፣ የጄሶ ሞዴል አሰርቶ በመርከብ ላከ። ኒም የሄደው በ1787 ነው፣ ዲዛይኑ ከሄደ በኋላ፣ ያኔ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሰው ፍቅረኛውን እንደሚያይ ለሰዓታት ፈዝዤ እያየሁት ነው ብሏል። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሮተንዳ የሚባለው ክብ ህንጻም ፓንቴዮን የሚባለው የሮም ክብ ቤተ መቅደስ በግማሽ መጠን ነው፣ ልኩ የተወሰደው ከፓላዲዮ ገጽ።

አንድ ነገር ግን መዘለል የለበትም። የመጽሐፉን መስመር ወደ እንጨትና ጡብ የቀየሩት እጆች ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። ሞንቲቼሎ በሚባለው የጄፈርሰን ቤት ላይ ጆን ሄሚንግስ የሚባል በባርነት ያለ የተዋጣለት አናጢ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲውም የተገነባው በባሪያ ጉልበት ጭምር ነው። ስለ ጄፈርሰን መጽሐፍ መደርደሪያ ስናወራ የነሱን ስም አለማንሳት ግፍ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ውድ አልነበሩም? ተራ ሰው ከየት ያገኛቸዋል?

ትልልቆቹ በጣም ውድ ነበሩ። ስዕሉ መዳብ ላይ በሹል ብረት መስመር በመስመር ይጫራል፣ ቀለም ይሞላል፣ ይጠረጋል፣ ከዚያ እርጥብ ወረቀት ላይ በከባድ ማተሚያ ይጫናል፣ መዳቡም ሲደጋገም መስመሩ ይደበዝዛል። ስለዚህ አሳታሚዎቹ አስቀድመው ከመኳንንቱ ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ የከፈለው ሰው ስም መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ይታተማል። ግን መስመሩ ቀጭን ስለሚሆን የአምድ አናት ላይ ያለች አንዲት ቅጠል እንኳን ጥርት ብላ ትታያለች፣ በፓላዲዮ ዘመን ከነበረው የእንጨት ቅርጽ ህትመት ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

በኔ እምነት ግን ዓለምን የቀየሩት ትልልቆቹ ሳይሆኑ ከነሱ የተቀዱት ትንንሾቹ ርካሽ መጻሕፍት ናቸው። ባቲ ላንግሊ በ1741 ኪስ ውስጥ የሚገባ የግንበኛ መጽሐፍ አወጣ። የአብርሃም ስዋን መጽሐፍ በ1775 ፊላደልፊያ ላይ እንደገና ሲታተም አሜሪካ ምድር ላይ የታተመ የመጀመሪያው የአርክቴክቸር መጽሐፍ ሆነ። ከዚያ አሸር ቤንጃሚን መጣ፣ ራሱ አናጢ ነው፣ በ1797 ማሳቹሴትስ ግሪንፊልድ ላይ አሜሪካዊ የጻፈውን የመጀመሪያ የግንባታ መመሪያ አሳተመ፣ በ1830ዎቹ ደግሞ ሚናርድ ላፌቨር የግሪኩን ስታይል ለአናጢ በሚመች መልኩ አወጣ። እነዚህ ሰዎች የድንጋዩን ዲዛይን ወደ ጣውላ ቀየሩት፣ እዚያ ድንጋይ ውድ ነው፣ እንጨት ሞልቷል፣ ስለዚህ አምዱ ከጣውላ ይሰራና ነጭ ቀለም ይቀባል። ኒው ኢንግላንድና ኦሃዮ መንደሮች ውስጥ ቤተ መቅደስ የሚመስል የገበሬ ቤት ካያችሁ ከነዚህ መጻሕፍት የአንዱ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ሩሲያና ህንድስ?

ሩሲያ፣ አርክቴክቱ ቻርልስ ካሜሮን ስለ ሮም መታጠቢያዎች በ1772 መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፣ በኋላ ንግሥቲቱ ታላቋ ካትሪን ቀጥራ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ባለበት ጻርስኮዬ ሴሎ ላይ አሠራችው። ፓላዲዮንም ልቮቭ የሚባል አርክቴክት በ1798 ወደ ሩሲያኛ መልሶታል፣ የመጀመሪያውን ክፍል። ህንድ፣ የካልካታው የገዢው ቤተ መንግሥት በ1803 ሲያልቅ አርአያው እንግሊዝ አገር ያለው ኬድልስተን የሚባል የመኳንንት ቤት ነው፣ የሱም ፕላን በ1767 ታትሞ ወጥቶ ነበር።

መጽሐፎቹ የተሳሳቱት ነገር አለ?

ብዙ። ፓላዲዮ የራሱን ቪላዎች እንደተሰሩት ሳይሆን ቢሰሩ ደስ እንደሚለው አድርጎ ነው የሳላቸው፣ ስለዚህ የኮረጀው ሰው የሌለ ህንጻ ነው የኮረጀው፣ አንዳንዴም ከዋናው የተሻለ አድርጎ። ፒራኔዚ የሚባለው ጣሊያናዊ የመዳብ ህትመት ሰዓሊ ደግሞ ሮምን ሲስል ፍርስራሹ ሥር ሰዎቹን ጥቃቅን ያደርጋቸዋል፣ ህንጻው ተራራ ያህላል።

ትልቁ ጉድለት ግን ቀለም ነው። የግሪክ ቤተ መቅደሶች ቀይና ሰማያዊ ይቀቡ ነበር፣ የመዳብ ህትመት ግን ጥቁር መስመር በነጭ ወረቀት ነው፣ ፍርስራሹም ታጥቦ ነጭ ሆኗል፣ ስለዚህ አንባቢው ሁሉ ጥንት ማለት ነጭ ማለት ነው ብሎ አመነ። በ1800ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ሂቶርፍ የሚባል አርክቴክት ቀለም ነበረው ብሎ ሲነሳ ብዙ ሰው ተቃውሞታል። እስከዛሬ መንግሥታዊ ህንጻ በነጭ ሲሰራ የዚያ ነገር አሻራ አለበት።

አሁን የት ላገኛቸው እችላለሁ? የትኛውን ልጀምር?

ሁሉም የቆዩ ስለሆኑ በነጻ ናቸው፣ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ ላይ፣ የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ስብስብ ላይ ስካን ተደርገው ይገኛሉ። ስልክ ላይ አትዩት፣ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ዙም እያደረጋችሁ እዩት። ከፓላዲዮ ሁለተኛ ክፍል ጀምሩ፣ ቪላ ሮቶንዳን ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ስቱዋርትና ሬቬት አንደኛ ጥራዝ ሂዱና የኢሊሶሷን ቤተ መቅደስ እዩ፣ ሁለቱንም ስታዩ የክፍሎቹን ቁጥር ሳትዘሉ አንብቡ። አርክቴክቸር ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ የጊብስን 1732 መጽሐፍ አውርዱና አንዱን አምድ በኮምፓስና በማስመሪያ ራሳችሁ ሳሉት፣ ከላይ ያለውን የ5 ሜትር ሂሳብ ይዛችሁ።